ጅቡቲ ሳይደርስ የቀረው ጸሐፊ፤ የአልቤር ሎንድር የሕይወት ታሪክ

በአጭር ልብ ወለድ ጥበብ ውስጥ፣ አንባቢን በማስፈራትና ባልጠበቀው ፍጻሜ በማስደንገጥ የሚታወቅ አንድ ዘርፍ አለ። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በፍርሃት በኩል መንገዱን ጠረገ፤ ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳን ደግሞ ፍጻሜን በአንድ ቃል የመገልበጥን ዘዴ ከፍ ወዳለ ደረጃ አደረሰው። ሞፓሳን ስለ አንገት ጌጥ የጻፈውን ያነበበ ሰው ነገሩን ያስታውሰዋል፤ አንዲት ሴት ተውሳ የጠፋባትን ጌጥ ለመተካት ዐሥር ዓመት ሙሉ በድካምና በችግር ዕዳ ስትከፍል ከኖረች በኋላ፣ ጌጡ ከመጀመሪያውም ሐሰተኛ እንደ ነበረ በታሪኩ መጨረሻ ትሰማለች። እንዲህ ያለውን አንብቦ የሚደነግጥ ሰው ወዲያው የሚጽናናበት ነገር አለው፤ ይኸውም ነገሩ ሁሉ ከደራሲው አሳብ የፈለቀ መሆኑ ነው።

ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ የምናቀርብለት ሰው ግን ይህን መጽናኛ ለአንባቢ አልተወም። አልቤር ሎንድር ጋዜጠኛ ነበረ። በእግሩ ያልረገጠውን አገርና በዓይኑ ያላየውን ነገር ላለመጻፍ ዕድሜውን በመርከብና በባቡር የፈጀ ሰው ነው። ሆኖም የራሱ ፍጻሜ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከጅቡቲ ወደብ ለመድረስ ከሁለት ቀን ያነሰ ጉዞ ሲቀረው፣ ፖ ወይም ሞፓሳን ጽፈውት ቢሆን ኖሮ ከመጠን አልፏል ተብሎ የሚነቀፍ ዓይነት ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አልቤር ሎንድር በኖቬምበር 1 ቀን 1884 በማዕድን ውሃዋ በታወቀችው በቪሺ ከተማ ተወለደ። አባቱ ብረት ሠራተኛ ነበረ፤ ወላጆቹ ለጸበሉ ለሚመጡ እንግዶች ክፍል የሚያከራዩበት ቤትም ነበራቸው። ልጁ ገና በወጣትነቱ ወደ ሊዮን ሄደና በአንድ የማዕድን ኩባንያ ውስጥ የሒሳብ ጸሐፊ ሆነ። ልቡ ግን ከቍጥሩ አልነበረም፤ ግጥም ይጽፍ ነበር። በ1903 ወደ ፓሪስ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያውን የግጥም መጽሐፉን አሳተመ። በዚያው በ1904 ፍሎሪዝ የተባለች ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ የልጅቱ እናት ግን ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ከግጥሞቹ ይልቅ ይህች ልጅ ለስሙ መታሰቢያ ልትሆነው ነው፤ ወደ እርስዋ በኋላ እንመለሳለን።

ጋዜጠኛ የሆነው በትንሽ ሥራ ጀምሮ ነው። ለ ማታን የሚባለው ታላቅ ጋዜጣ በ1906 ቀጠረውና በምክር ቤቱ አዳራሽ የሚባለውንና የሚሾከሾከውን እንዲለቅም ሾመው። ስሙም ከጽሑፉ ሥር አይወጣም ነበር። ስምንት ዓመት ያህል እንዲህ ኖረ። በ1914 የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ ጤናው ደካማ ስለ ነበረ ለወታደርነት አልበቃም፤ ስለዚህም ጋዜጣው ወደ ጦር ግንባር ላከው። በሴፕቴምበር ወር ጀርመኖች የፈረንሳይ ነገሥታት ይቀቡበት የነበረውን የሬምስን ካቴድራል በመድፍ ሲደበድቡ ሎንድር ከዚያ ደርሶ የሚቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን በዓይኑ አየ፤ የጻፈውም ጽሑፍ በአንድ ቀን አስጠራው። ዝናው በእሳት እንደ ተጀመረ ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲያ ሎንድርን በአንድ ስፍራ የሚያስቀምጠው አልተገኘም። ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ልሂድ ሲል ለ ማታን ቢከለክለው ለ ፕቲ ዡርናል ወደሚባለው ተዛወረ፤ በሰርቢያ፣ በግሪክና በአልባንያ ዞረ። በ1919 ኢጣልያኖች በሰላሙ ውል አለመደሰታቸውን ቢጽፍ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌማንሶ ተቈጥቶ ከሥራው አስወጣው። የጋዜጠኛ ነገር እንዲህ ነው፤ እውነት የጻፈበት ቀን አንዳንድ ጊዜ የሚሰናበትበት ቀን ይሆናል። እሱ ግን በሌላ ጋዜጣ ስም በ1920 ወደ ሶቪየት ሩሲያ ገባ፤ በ1922 ጃፓንን፣ ቻይናንና ሕንድን ጐበኘ።

በ1923 የሠራው ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ፈረንሳይ ከባድ ወንጀለኞችዋን በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ጊያና ትልካቸው ነበር። በዚያ ረግረግና ትኩሳት የበዛበት አገር ሰዎች በብረት ታስረው ይሠሩ፣ ይታመሙ፣ ይሞቱ ነበር፤ የቅጣት ጊዜውን የፈጸመም ቢሆን ያንኑ ያህል ዘመን ደግሞ በዚያው እንዲቈይ ሕግ ያስገድደው ነበር። ሎንድር ከወኅኒው ገብቶ እስረኞቹን በየስማቸው አነጋገረ፤ ያየውን በጋዜጣ ቀጥሎም በመጽሐፍ አወጣው፤ በመጨረሻም ለቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አገሩ ታወከ። አንዳንዱ ነገር ወዲያው ተሻሻለ፤ እስረኛን ወደ ጊያና መላክ በሕግ የቀረው ግን በ1938፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

በጊያና ካገኛቸው እስረኞች አንዱ ኤዠን ዲዮዶኔ ይባላል። በ1913 በፓሪስ ከታወቀው ከቦኖ የወንበዴ ጭፍራ ጋር ተከሶ ሞት ተፈረደበት፤ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። ንጹሕ ነኝ ማለቱን ግን አላቋረጠም። ዲዮዶኔ ከወኅኒው አምልጦ ብራዚል መግባቱ ሲሰማ፣ ሎንድር በ1927 አትላንቲክን ተሻግሮ ፈልጎ አገኘው፤ ምሕረት ተደርጎለትም ወደ ፈረንሳይ ይዞት ተመለሰ። ጋዜጠኛ ከጻፈ በኋላ እንደገና ተነሥቶ የጻፈለትን ሰው ከባሕር ማዶ ሊያመጣ መሄዱ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

የሌሎቹን መጻሕፍት በየተራው ማተት ዓምዱን ይሞላዋል። በሰሜን አፍሪካ ስላሉት የወታደር ወኅኒ ቤቶች፣ ስለ እብዶች ሆስፒታሎች፣ ከፈረንሳይ ወደ ቦነስ አይረስ ስለሚሸጡት ሴቶች፣ ስለ ምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ጻፈ። የአፍሪካ ሰው ሊረሳው የማይገባው ግን በ1929 የወጣው የዞጲ ምድር የተባለው መጽሐፉ ነው። ከብራዛቪል እስከ ፑዋንት ኑዋር የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሲሠራ፣ በግዴታ ከየመንደራቸው የተወሰዱት ጥቁሮች በሺሕ እየተቈጠሩ ይረግፉ ነበር። ሎንድር ይህን በግልጽ ጻፈ፤ የቅኝ ግዛት ሰዎችም አገሩን ከዳ ብለው ሰደቡት።

ወደ እኛ ባሕር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ እስከ ባሕሬን እየተዘዋወረ የዕንቊ ጠላቂዎችን ኑሮ መረመረ፤ መጽሐፉ በ1931 ታተመ። በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ጠላቂው ትንፋሹን አፍኖ ይወርዳል፣ ጆሮው ይደማል፣ ዓይኑ ይደክማል፤ ከወቅቱ በፊት ከጀልባው አለቃ ከናኹዳው የተበደረውን ግን ጠልቆ አይጨርሰውም። በፓሪስ ሴቶች አንገት ላይ የሚያበራው ዕንቊ በዚህ ዕዳ የተገዛ መሆኑን ሎንድር ለፓሪስ ሴቶች ነገራቸው። የሞፓሳን ጌጥ ሐሰተኛ ነበረ፤ የሎንድር እውነተኛ ነው፣ ዕዳውም ከእሱ ይከብዳል።

ጅቡቲ በዚያ ዘመን የተረት ወደብ ነበረች ማለት ይቻላል። ፈረንሳዮች ከተማይቱን የቈረቈሩአት በ1888 ሲሆን፣ የምድር ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የኢትዮጵያ በር ሆነች። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ከአውሮፓ የተጋበዙት መልእክተኞችና ጋዜጠኞች የወረዱት በዚህች ወደብ ነው። በዚያው ዓመት ዦዜፍ ኬሴል የባሪያ ንግድን ሊመረምር መጣ። የባሕሩን ምስጢር ሁሉ ዐውቃለሁ የሚለው ሄንሪ ደ ሞንፍሬም ኑሮውን በኦቦክና በጅቡቲ ዳርቻ አድርጎ፣ ኮንትሮባንዱን ወደ መጽሐፍ መለወጥ የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። በምኒልክ አደባባይ ቅስቶች ጥላ ሥር መርከብ የሚጠብቀው መንገደኛ የሚሰማው ወሬ አያጣም ነበር። ያ አደባባይ ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላ የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ ተብሎአል። ይሁን እንጂ ከተማይቱ እስከዚያ ዘመን ከሰማችው ሁሉ የሚያስደንቀው ወሬ የመጣው ከባሕር በኩል ነው።

በ1932 መጀመሪያ ጃፓኖች ሻንግሃይን ወጉ። ሎንድር ወደ ቻይና ሄደ። በዚያ ከጦርነቱ ወሬ ሌላ አንድ ነገር ሲከታተል ከረመ፤ የጦር መሣሪያና የኦፒየም ንግድ፣ የቦልሼቪኮችም እጅ ያለበት ጉዳይ ነው ተባለ። ለወዳጆቹም ታላቅ ነገር መያዙን ገለጠ፤ ዝርዝሩን ግን ለራሱ ያዘ። ወደ አገሩም ሲመለስ ዦርዥ ፊሊፓር በተባለችው መርከብ ተሳፈረ።

ይህች መርከብ የመሳዠሪ ማሪቲም ኩባንያ ንብረት ነበረች። ስምዋ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ስም ነው፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው የተሰየመችው። ከ17,000 ቶን በላይ ስፋት ያላት፣ በዲዝል ሞተር የምትሄድ፣ ክፍሎችዋ በሚያብረቀርቅ እንጨት የተለበጡ፣ በዘመኑ አዲስና ውብ መርከብ ነበረች። ከማርሴይ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1932 ስትነሣ የመጀመሪያ ጉዞዋ ነበር፤ ጃፓን ደርሳ ስትመለስም ያው የመጀመሪያ ጉዞዋ አላለቀም። ኮሎምቦን ለቅቃ ወደ ጅቡቲ አቀናች። በመንገድ ላይ ውድ ዕቃ ከሚቀመጥበት ክፍል የአደጋ ደወል ሁለት ጊዜ ጮኸ። መርከበኞች ሮጠው ሲያዩ እሳት አልነበረም።

በሜይ 16 ቀን 1932፣ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 1924፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ መርከቢቱ ጓርዳፉይ ከሚባለው የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ አጠገብ ስትደርስ፣ ከአንዲት ተሳፋሪ ክፍል እሳት ተነሣ። የዚህ ጊዜ ደወል እውነተኛ ነበረ። እንጨቱና ቀለሙ እሳቱን እንደ ጧፍ ተቀበሉት። መርከቡን ወደ ዳርቻ ለማድረስ ተብሎ ፍጥነቱ ቢጨመር ነፋሱ እሳቱን አራገበው። የሬዲዮው ጥሪ ተላከ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ መሣሪያው ዝም አለ። ደግነቱ ሶቪየትስካያ ኔፍት የተባለች የሩሲያ ዘይት ጫኝ መርከብ የእሳቱን ብርሃን አይታ ደረሰች፤ ሁለት የእንግሊዝ መርከቦችም ተከተሉ። ከ760 በላይ ከሚሆኑት ተሳፋሪዎችና መርከበኞች መካከል ሩሲያዊቱ ብቻ 420 ያህል አዳነች። 50 የሚያህሉ ሰዎች ጠፉ።

አልቤር ሎንድር በዚያ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ ነበረ። ከመርከቡ ሠራተኞች አንዱ እንደ መሰከረው፣ ሎንድር መተላለፊያው በእሳት ስለ ተዘጋበት በመስኮቱ በኩል ለመውጣት ሲታገል ታየ፤ ከላይ የውሃ ጎማ ወረደለት፤ በዚያም ተንጠልጥሎ ለመውጣት ሞከረ፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። አስከሬኑ አልተገኘም። መርከቢቱም ሦስት ቀን እየተቃጠለች ከተንሳፈፈች በኋላ በሜይ 19 ሰጠመች፤ ሎንድር ከቻይና የያዘው ወረቀት በክፍሉ ኖሮ እንደ ሆነም አብሮ ጠፋ።

በሩሲያዊቱ መርከብ የዳኑት ሰዎች በባሕር ላይ አንድሬ ለቦን ወደምትባለው የፈረንሳይ መርከብ ተዛውረው ጅቡቲ ወረዱ፤ በእንግሊዞቹ የዳኑት ደግሞ ኤደን ገቡ። ጅቡቲ የሚቃጠል መርከብ አዲስዋ አልነበረም፤ በ1926 የዚያው ኩባንያ የነበረችው ፎንቴንብሎ በገዛ ወደብዋ ውስጥ ተቃጥላለች። አሁን ግን የመጣው በሌሊት ልብሱ ከሞት ያመለጠ ሰው ነው። የሎንድር ስም ጅቡቲ በወረዱትም ሆነ ኤደን በገቡት መዝገብ ላይ አልተገኘም። አርባ ሰባት ዓመቱ ነበረ። ስለ ቦልሼቪኮች ምስጢር ይዟል የተባለው ሰው ሲሞት፣ ጓደኞቹን ያዳነች መርከብ የቦልሼቪኮች መሆንዋ ራሱን የቻለ ግርምት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ አሳዛኝ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ከዳኑት መካከል አንድ ፈረንሳዊ ባለጸጋና ሚስቱ ነበሩ። በመርከቡ ላይ ከሎንድር ጋር ወዳጅነት ገጥመው፣ ስለያዘው ነገር አጫውቶአቸዋል ተባለ። ጋዜጦች ሁሉ እነዚህን ሰዎች ጠበቁ። ባልና ሚስቱም ፓሪስ ቶሎ ለመግባት ፈልገው አይሮፕላን ተከራዩ፤ ነጂው በ1929 ከፈረንሳይ እስከ ማዳጋስካርና እስከ ሬዩንዮን በመብረሩ የታወቀው ማርሴል ጉሌት ነበረ። ከኢጣልያ ወደብ ከብሪንዲዚ ተነሡ። በሜይ 25፣ መርከቡ ከተቃጠለ በዘጠኝ ቀን፣ አይሮፕላኑ ከሮማ በስተደቡብ ምሥራቅ በቬሮሊ አጠገብ ካለው ተራራ ጋር ተጋጨና በውስጡ ያሉት ሁሉ ሞቱ። ከባሕርና ከእሳት ያመለጡት ሰዎች በየብስ ላይ፣ በአየር መጥተው፣ አለቁ።

ከዚህ በኋላ የተነገረውን መገመት አያስቸግርም። መርከቡ የተቃጠለው ሎንድርን ለማጥፋት ነው፣ አይሮፕላኑም የወደቀው ምስጢሩን ለመቅበር ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ዛሬም የሚሉ አሉ። ነገሩን በመርማሪ ዓይን ለሚያይ ግን እሳቱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ መነሣቱ ይበልጥ የሚታመን ነው። ለዚህም የሚጠቅም አንድ ማስረጃ አለ፤ መርከቢቱን እናጠፋለን የሚል ዛቻ ለፈረንሳይ ፖሊስ የደረሰው ከማርሴይ ከመነሣትዋ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ሎንድር በዚህች መርከብ መመለሱን ማን ሊያውቅ ይችላል? አይሮፕላንም በዚያ ዘመን በተራራና በጭጋግ መካከል ሲወድቅ የሰው ተንኰል አያስፈልገውም ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅንም እንኳ ሁለቱን አደጋዎች ጐን ለጐን ያነበበ ሰው ልቡ ሙሉ በሙሉ እንደማያርፍ እንመሰክራለን።

ልጁ ፍሎሪዝ አባትዋን የምትቀብርበት መቃብር አላገኘችም። በምትኩ በስሙ ሽልማት አቆመች፤ ከ1933 ጀምሮ ለፈረንሳይኛ ወጣት ጋዜጠኛ ይሰጣል፤ በሙያውም ዘንድ ከሁሉ የከበረ ነው። እርስዋ በ1975 ዐረፈች፤ ሽልማቱ ግን አልተቋረጠም።

ስለ መርከቢቱ አንድ ነገር ይቀረናል። ዦርዥ ፊሊፓር በላ ሲዮታ የመርከብ መሥሪያ ተሠርታ ባሕር ላይ የተጣለችው በኖቬምበር 1930 ነው። ሎንድር በዚያን ጊዜ የዕንቊ ጠላቂዎቹን ነገር እንጂ ቻይናን አላሰበም። መርከቢቱ ከተጣለች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ገና የውስጥ ክፍሎችዋ ተሠርተው ሳያልቁ፣ አንድም ተሳፋሪ ሳይገባባት፣ በወደቡ ቆማ ሳለች እሳት ተነሥቶባት ነበር። አጠፉትና ሥራውን ቀጠሉ።